በኪሴ የነበረው ሦስት የመደመር ምልክት
(በምሩቃን ዳግም መገናኛ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ደውሎ "ሃያ ደቂቃ ተናገር" ሲለኝ ስለ መንገድ ሥራ መስሎኝ ነበር። መሐንዲስ ነኝና ከጠጠርና ከአስፋልት ውጭ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። "አይ፣ ስለ ስኳርህ ነው" አሉኝ። ትንሽ አሰብኩበት። ሐኪም አይደለሁም፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት የሕክምና መምህራን ደግሞ ስሳሳት ዝም እንደማይሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ሰፊውን የስኳር በሽታ ለእነሱ ትቼ አንዲት ጠባብ ነገር ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ ኪቶን። ብዙዎቻችሁ ቃሉን የምታስታውሱት ከኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ይሆናል። እኔን ያተረፈኝም የኬሚስትሪ ተማሪ ነው፤ ስሙን እንዳልጠራ ቃል አስገብቶኛል፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ግን ተቀምጧል።

በ1992 ዓ.ም. ሁለተኛ ዓመት ነበርን። ዶርማችን ከየዲፓርትመንቱ የተቀላቀለ ነበር፤ እኔ ታች፣ እሱ ከላዬ ባለው አልጋ ላይ ይተኛል። የሚድ ኤግዛም ሰሞን ውኃ መጠጣት ጀመርኩ። መጠጣት ስላችሁ እንደ ሰው አይደለም። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ተነሥቼ ቧንቧው ሥር ተንበርክኬ እጠጣለሁ፣ ከዚያ ሽንት ቤት፣ ከዚያ ተመልሼ ቧንቧው ጋ። ሱሪዬ ከወገቤ እየወረደ በገመድ አሰርኩት። ልጆቹ "አፕላይድ ማት ነው የጨረሰህ" እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እውነትም ፈተናው ነው ብዬ ነበር።

አንድ ሐሙስ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ማስመለስም ጀመርኩ። ከግቢ ውጭ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ደምና ሽንት ሰጠሁ። "ታይፎይድ ነው" ተባልኩ፤ ኪኒን ተጻፈልኝ፤ ደክሞሃል ተብሎ ደግሞ ግሉኮስ ተሰቀለልኝ። አገራችን ውስጥ በመርፌ የሚንጠለጠለውን ሁሉ ግሉኮስ ነው የምንለው፤ የእኔው ግን በስሙም በግብሩም ግሉኮስ ነበር፤ እንደ ስሙ ስኳር ነው። የሽንት ምርመራ ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ ዶርም ተመለስኩ። ወረቀቱን ክሊኒክ ውስጥ ማን እንዳነበበው እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔም አላነበብኩትም።

በዚያ ሌሊት አተነፋፈሴ ተለወጠ። ዳገት ወጥቶ እንደቆመ ሰው፣ በጥልቀትና በፍጥነት፣ ሳላቋርጥ። ቃላቴ ይንተባተባሉ፣ አፌ ይሸታል። ፕሮክተሩ ገብቶ አየኝ፤ አሸተተኝና "አረቄ ጠጥተህ ነው የገባኸው፣ ነገ ዲሲፕሊን ትቀርባለህ" ብሎ ስሜን መዝግቦ ወጣ። አልፈርድበትም። ሽታው ላልለመደ ሰው ያደረ መጠጥ ወይም ከልክ በላይ የበሰለ ፍራፍሬ ነው የሚመስለው። ከላይ የሚተኛው ጓደኛዬ ግን ወርዶ አሸተተና "ይሄ አረቄ አይደለም፣ አሴቶን ነው፤ ላብ ውስጥ ብልቃጥ የምናጥብበት" አለ። ልጆቹ ሳቁበት። ሰው እንዴት አሴቶን ይሸታል? እሱ ግን ጃኬቴን በረበረና ያንን ወረቀት አገኘ። ግሉኮስ፣ ሦስት የመደመር ምልክት። ኪቶን፣ ሦስት የመደመር ምልክት። ምን ማለት እንደሆነ እሱም አያውቅም፤ አሴቶን ከኪቶኖች አንዱ መሆኑን ግን ያውቃል። ሽታውና ወረቀቱ አንድ ነገር ሲሉ ሰማ ማለት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ሮጦ አንድ የሜዲስን ተማሪ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰ፤ ያ ልጅ ወረቀቱን አይቶ ጫማውን እንኳ ሳያስር ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለውን የማስታውሰው በቁርጥራጭ ነው፤ የግቢው መኪና፣ የሆስፒታል ኮሪደር፣ ከዚያ ሁለት ቀን ምንም። ስነቃ እናቴ እግሬ ሥር ተቀምጣለች። ስኳር በሽታ አለብህ የተባልኩት ያኔ ነው። ዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ግን መቅረቤ አልቀረም፤ የሆስፒታል ወረቀቴን ይዤ ቀርቤ ነው ስሜ የተሰረዘው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ኪቶን ምንድን ነው?

እንጨት የሚነድበት ቤት አስቡ። እንጨቱ ጓሮ ተከምሯል፤ የጓሮው በር ተቆልፎ ቁልፉ ጠፍቷል። እንጨቱ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ነው፣ ቁልፉ ኢንሱሊን ነው። እሳቱ መጥፋት ስለሌለበት የቤቱ ሰው በርጩማውን፣ አልጋውን፣ የጣሪያውን ማገር ሳይቀር እየሰበረ ማንደድ ይጀምራል። ሰውነትም ኢንሱሊን ሲያጣ ስቡን ያነዳል፤ ጉበት ከስቡ ኪቶን ይሠራል። ኪቶን በራሱ መርዝ አይደለም፤ ጾም የዋለ ጤነኛ ሰው ሽንትም ውስጥ ትንሽ ሊታይ ይችላል። ኢንሱሊን ጨርሶ ሲጠፋ ግን ምርቱ ማቆሚያ የለውም፤ ደሙ ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ያ ነው ሐኪሞች ዲኬኤ የሚሉት። ያ የሚያስፈራው አተነፋፈስ ሰውነት አሲዱን በሳንባ በኩል ለማውጣት የሚያደርገው ትግል ነው፤ አዶልፍ ኩስማውል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1874 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ስለሆናችሁ አንድ ታሪክ ልጨምር። በጥር ወር 1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ በስኳር ሊሞት ተቃርቦ ነበር። ጥር 11 ቀን ባንቲንግና ቤስት ያዘጋጁትን የቆሽት ጭማቂ ወጉት። ስኳሩ ከ440 ወደ 320 ወረደ። ወረደ አይደል? ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው የምሥራች ነው። ሽንቱ ውስጥ የነበረው ኪቶን ግን ንቅንቅ አላለም፤ ልጁም አልተሻለውም። ጭማቂውን ጄምስ ኮሊፕ የተባለው ባዮኬሚስት ቀንና ሌሊት ሠርቶ አጣራው፤ ጥር 23 እንደገና ተወጋ። በ24 ሰዓት ውስጥ ስኳሩ ከ520 ወደ 120 ወረደ፣ ኪቶኑም ከሽንቱ ጠፋ። ልጁ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። በዓለም የመጀመሪያው ታካሚ ላይ እንኳ የስኳሩ ቁጥር ግማሹን ወሬ ነው የተናገረው፤ ቀሪውን የተናገረው ኪቶኑ ነው። (በነገራችን ላይ ባለቤትነቱን ለዩኒቨርሲቲያቸው የሸጡት ለእያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ነው። የዛሬው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ኮሚቴያችን ይህን እንዳይሰማ።)

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር፤ የመጀመሪያው ጊዜ ባለማወቅ ነበር፣ ሁለተኛው ግን እያወቅሁ ነው።

ከተመረቅሁ ከስድስት ዓመት በኋላ ቆላ ውስጥ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ነበርኩ። ትውከትና ተቅማጥ ያዘኝ። ምግብ አፌ አይገባም። እና ምን አሰብኩ? "ካልበላሁ ለምን እወጋለሁ? ስኳሬ ወርዶ ሊገለኝ ነው" ብዬ ኢንሱሊኔን አቆምኩ። እስቲ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስኳር ያለባችሁ፣ ወይም ስኳር ያለበት ሰው የምታስታምሙ፣ ይህን ሐሳብ አስባችሁ የማታውቁ እጃችሁን አውጡ። ... አያችሁ።

ሐሳቡ ልክ ይመስላል፣ ገዳይነቱም ከዚያ ነው የሚመጣው። ሰው ሲታመም ሰውነቱ በሽታውን ለመታገል የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ስኳሩን ከፍ ያደርጉታል፤ ሳንበላም ጉበት ስኳር ያመርታል። ስለዚህ በታመምንበት ቀን የሚያስፈልገን ኢንሱሊን ብዙ ጊዜ ከደህናው ቀን ይበልጣል እንጂ አያንስም። መጠኑ ሊቀየር ይችላል፣ እሱን ከሐኪም ጋር ነው የሚወሰነው። ቀኑን ሙሉ የሚሠራውን መሠረታዊ ኢንሱሊን ጨርሶ ማቋረጥ ግን፣ በተለይ እንደ እኔ ዓይነት አንድ ለሆነ ሰው፣ የጓሮውን ቁልፍ ወንዝ ውስጥ መጣል ነው።

በቦርሳዬ የኪቶን ስትሪፕ ነበረኝ። አሳፋሪው ክፍል ይሄ ነው። ነከርኩት፤ ምንም ቀለም አላወጣም፤ "እሰይ፣ ኪቶን የለኝም" ብዬ ተኛሁ። ያ ጠርሙስ ግን ከተከፈተ ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ ክዳኑ ላልቶ፣ ድንኳን ውስጥ በዚያ ሙቀት ተቀምጦ የሞተ ስትሪፕ ነበር። የሞተ ስትሪፕ "የለም" ነው የሚለው። ጠዋት ሾፌራችን ሲያገኘኝ ያንን አተነፋፈስ ጀምሬያለሁ። ጋሼ ይህን ሰው ስኳሩ ነው እንጂ ወባ አይደለም ብሎ ተከራክሮ አራት ሰዓት ነድቶ ሆስፒታል አደረሰኝ። የእሱም እናት ስኳር ስላለባቸው ነው ያወቀው።

ስለዚህ ስለ ስትሪፑ ትንሽ በዝርዝር ልናገር፤ አሰልቺ ቢመስልም ሁለት ቀን ኮማ ውስጥ ከመተኛት ይሻላል።

የሽንት ስትሪፕ ርካሽ ነው፣ መሣሪያ አይፈልግም። ትነክሩታላችሁ፣ ትርፉን ታራግፋላችሁ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሴኮንድ ቆጥራችሁ ከቀለም ሰንጠረዡ ጋር ታስተያያላችሁ። ለኪቶን ብቻ የተሠራው ብዙ ጊዜ 15 ሴኮንድ ነው፤ ብዙ ነገር የሚለካው ደግሞ ለኪቶን 40 ሴኮንድ ሊጠይቅ ይችላል፣ ጠርሙሱን አንብቡ። ቀድሞ ማየትም ዘግይቶ ማየትም ያሳስታል። ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ኪቶኑ በዝቷል። ጠርሙሱ በተከፈተበት ቀን ክዳኑ ላይ ቀኑን በስክሪፕቶ ጻፉበት፤ ከስድስት ወር በኋላ ጣሉት። ፍሪጅ ውስጥም አታስቀምጡት፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲወጣ ያልበዋል፣ እርጥበት ደግሞ ጠላቱ ነው። ኢንሱሊኑ ነው ቅዝቃዜ የሚወደው። የእኔ ኢንሱሊን ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስክመረቅ ድረስ ላውንጅ ውስጥ በእትዬ ፍሪጅ ከለስላሳው ጎን ነበር የሚቀመጠው፤ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም።

መቼ ነው የምንለካው? ስኳራችን ከ250 በላይ ወጥቶ አልወርድ ሲል። ሲያስመልሰን፣ ሆዳችንን ሲቆርጠን፣ ትኩሳት ሲኖረን፣ ስኳሩ ያን ያህል ባይወጣም እንኳ። ሕመሙ እስኪያልፍ በየአራት ወይም በየስድስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ተነሥቶ። ነገ ጠዋት የባቾች ኳስ ጨዋታ አለ፤ ስኳሩ ከፍ ብሎ ኪቶን ያለበት ሰው "ሮጬ አወርደዋለሁ" እንዳይል፤ ያባብሰዋል፣ ዳር ቁሞ ያጨብጭብ። ኪቶኑ መካከለኛ ወይም ብዙ ከሆነ፣ ወይም ውኃ እንኳ ሆድ ውስጥ አልረጋ ካለ፣ ያ የቤት ጉዳይ አይደለም። ሆስፒታል ነው፣ ያውም ወዲያው።

ስትሪፑ ጉድለት አለበት፣ እሱንም ልንገራችሁ። የሽንቱ ስትሪፕ የሚያየው አንዱን ዓይነት ኪቶን ነው፣ አሴቶአሴቴት የሚባለውን። በዲኬኤ ጊዜ በደም ውስጥ የሚበዛው ግን ሌላው ነው፣ ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት፤ እሱን አያየውም። ደግሞ ሽንት ፊኛ ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየ ነገር ስለሆነ የሚነግራችሁ ከሰዓታት በፊት የነበረውን ነው። ሕክምና ከተጀመረ በኋላ አንዱ ኪቶን ወደ ሌላው ስለሚለወጥ፣ ሰውየው እየዳነ ስትሪፑ ሊብስ ይችላል። ከውጭ የመጣችሁ የምታውቁት፣ ጣትን ተወግቶ በደም የሚለካው መሣሪያ ይህ ችግር የለበትም። እዚያ ላይ ከ0.6 በታች ደህና ነው፤ ከ1.5 ካለፈ አደጋ እየመጣ ነው፤ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሩ ላይ ነው። ስትሪፑ ውድ ነው፣ አገር ቤትም እንደ ልብ አይገኝም። ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ካለ፣ ለዘመድ ከሽቶ ይልቅ እሱን አምጡ።

ሌላ አንድ ነገር፣ በተለይ ለእኛ ዕድሜ። ዓይነት ሁለት ስኳር ላለባቸው ከሚሰጡት አዳዲስ ኪኒኖች መካከል ስኳርን በሽንት የሚያስወግዱ አሉ፤ ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ይባላሉ። ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፣ ለልብና ለኩላሊትም ይጠቅማሉ፤ ከእኛ መካከልም የሚወስዱ አውቃለሁ። ነገር ግን አልፎ አልፎ ስኳሩ ብዙም ሳይወጣ ኪቶኑ ብቻ የሚበዛበት ዲኬኤ ያመጣሉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ይህን በ2015 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። እንግዲህ አስቡት፤ ዐቢይ ጾም ነው ወይም ረመዳን ነው፣ ሰውየው ውሎ አልበላም፣ ኪኒኑን ውጧል፣ ያስመልሰዋል። ስኳሩን ይለካል፤ 180። "ስኳሬስ ደህና ነው፣ ጨጓራዬ ነው" ይላል። ጨጓራው ላይሆን ይችላል። ከመጾማችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ሲያማችሁ ኪኒኑን ማቆም እንዳለባችሁም ጠይቁ። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ የሚቆመው ኪኒኑ ነው፤ ኢንሱሊን አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አጋጥሞኛል፤ የገዛ አጎቴ ነው።

እናም ኮሚቴው ሲጋብዘኝ አንድ ነገር እንድጠይቅ ፈቅዶልኛል። በየዓመቱ ማኅበራችን ለግቢው አንድ ነገር ይሰጣል፤ ወንበር፣ ኮምፒውተር፣ ባለፈው ዛፍ። ዘንድሮ ለተማሪዎች ክሊኒክ የኪቶን ስትሪፕ እንስጥ፤ ለፕሮክተሮችና ለሌሊት ጥበቃዎችም የአንድ ከሰዓት ሥልጠና። የሕክምና ፋኩልቲው ሥልጠናውን በነፃ እሰጣለሁ ብሏል፤ ዲኑ ራሳቸውን ሲነቀንቁ እያየሁ ነው፣ ምስክር ሁኑ። ፕሮክተሩ ሐኪም እንዲሆን አይደለም የምለው። የሚያስመልስ፣ ውኃ የሚጠማው፣ በጥልቀት የሚተነፍስና እንደ አረቄ የሚሸት ልጅ ሲያገኝ ስሙን ከመመዝገቡ በፊት መኪና እንዲጠራ ነው። መምህራንም "አሞኝ ነው ፈተና የቀረሁት" ብሎ የመጣውን ከስቶ ገመድ የታጠቀ ተማሪ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፤ ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት ትነሣለህ? በሉት።

ያን ወረቀት ጓደኛዬ ሃያ ዓመት በላይ አስቀምጦት ዛሬ ጠዋት በር ላይ ሰጠኝ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ የመደመር ምልክቶቹ ግን ይነበባሉ። ከእሱ ጋር አንድ ጠርሙስ ስትሪፕ ከፊት ረድፍ ጀምሮ እንዲዞር ሰጥቻለሁ። ወረቀቱን ገልጣችሁ እዩት፣ ዕድሜ ስላደከመው ግን ቀስ ብላችሁ ያዙት። ጠርሙሱን ግን ክዳኑን አትክፈቱብኝ፤ ትናንት ነው የከፈትኩት፣ ቀኑም ተጽፎበታል።